ምድጃው ከመግባቱ በፊት ቤተሰቡን እንወቅ

የሰበካ ጉባኤያት ተወካዮችና የልማት ክፍል ሠራተኞች በተገኙበት የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «የቤተሰብ ሁኔታና የማገዶ ቆጣቢ መሣሪያዎች አጠቃቀም» የሚል ነው። ርእሱ ሲሰማ የባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዳችሁ ወደ አጥቢያችሁ ስትመለሱ የምታዘጋጁት የተጠቃሚዎች ዝርዝር በዚሁ ጉዳይ ላይ የተመሠረተ ነው። በአንድ አጥቢያ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የሚያስፈልገው ቤት ብዙ ነው፤ የሚመጣው ምድጃ ግን የተቆጠረ ነው። ማን ይቅደም? ለየትኛው ቤት የትኛው መሣሪያ ይስማማዋል? የገባው ምድጃስ ከዓመት በኋላ እሳት ይነድበታል ወይስ ዶሮ ይሰፍርበታል? ንግግራችን በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ያተኩራል።

ልናስተላልፈው የምንፈልገው ሐሳብ አጭር ነው። በመዝገብ ላይ «አንድ አባወራ» ተብሎ በሚጻፈው ቤት ውስጥ ብዙ ሰው አለ። እንጨት የሚሸከም አለ፤ እሳት የሚያነድድ አለ፤ ጭሱን የሚተነፍስ አለ፤ ገንዘቡን የሚይዝ አለ፤ ቤቱ ኪራይ ከሆነም «ይህን ስካ፣ ያንን አትስካ» የሚል ባለቤት አለ። አንድ ምድጃ አገልግሎት ላይ ይውል ወይም ጥግ ይዞ ይቅር እንደሆነ የሚወስኑት የእነዚህ ሰዎች ብዛት፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ትምህርትና ኑሮ ናቸው። ስለዚህ ቤት ከመቁጠር አልፈን በቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ማወቅ ይገባናል።

ነገሩ ከወጥ ቤት ይጀምራል

በአገራችን ቤቶች ከሚነደው ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። ሰፊው ምጣድ እስኪግል፣ ከዚያም የመጨረሻው እንጀራ እስኪወጣ ድረስ ነበልባሉ ሳይቋረጥ መቆየት አለበት። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር ደግሞ አብዛኛው ሙቀት በጎን እየወጣ ይባክናል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ኤሌክትሪክ ያለው ቤተሰብ በአገር አቀፍ ደረጃ 26 በመቶ ነበር፤ በከተማ 93 በመቶ ሲደርስ በገጠር 8 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ መስመሩ ወደ ብዙ ቀበሌዎች ቢዘረጋም፣ አምፖል የበራለት የገጠር ቤት እንኳ እንጀራውን በአብዛኛው የሚጋግረው በእንጨት፣ በጭራሮና በኩበት ነው።

ይህ የሚያስከትለውን ጉዳት ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። የሚለቀመው ጭራሮ በየዓመቱ እየራቀ ይሄዳል። ኩበቱ ሲነድ እርሻው ማዳበሪያውን ያጣል። ጭሱ የእናቶችን ዓይንና የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ብቻ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ230 ሺህ በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

መፍትሔ የሚሆኑ መሣሪያዎች ከተገኙ ቆይተዋል። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ባለሙያዎች የተዘጋጀ ሲሆን ሲሚንቶን ከፐሚስ ወይም ከአሸዋ ጋር በማዋሐድ ይሠራል፤ ምጣዱን ዙሪያውን አቅፎ ነበልባሉ እንዳይባክን ያደርጋል። ለከሰል ተጠቃሚዎች «ላቀች»፣ ለወጥ ማብሰያ «ትክክል»፣ ከሸክላ የሚሠራው «ጎንዚዬ»፣ በከተማም የኤሌክትሪክ ምጣድ አሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 የወጣው የአገራችን የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም በፍጥነት እንዲጀመሩ ከመረጣቸው አራት ሥራዎች አንዱ የገጠር ማብሰያዎችን ማሻሻል ነበር። መሣሪያው አለ፤ ዕቅዱም አለ። ሆኖም በአንድ መንደር፣ በአንድ ቀን፣ ተመሳሳይ ምድጃ ከወሰዱ ጎረቤታሞች አንዷ በየሳምንቱ ስትጋግርበት ሌላዋ ወደ ጉልቻዋ ትመለሳለች። ምድጃው አንድ ዓይነት ከሆነ ልዩነቱን የምንፈልገው ከቤተሰቡ ነው።

የሚበላው አፍና የሚሠራው እጅ

የመጀመሪያው ልዩነት የቤተሰቡ ብዛት ነው። ቀደም ብለን በጠቀስነው ጥናት መሠረት የአንድ ቤተሰብ አማካይ ቁጥር 4.6 ሰው ነው፤ በገጠር 4.9፣ በከተማ 3.5። ከሕዝባችንም 47 በመቶው ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች ነው። ይሁን እንጂ ማንም ቤት በአማካይ አይኖርም። ስምንት ሰው የሚበላበት ቤት አለ፤ አያትና የልጅ ልጅ ብቻ የሚኖሩበትም ቤት አለ።

ብዙ ሰው ያለበት ቤት ብዙ ጊዜ ስለሚጋግር ከቆጣቢ ምድጃ የሚያገኘው ጥቅም ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን በዚያው ቤት ብዙ እጅም አለ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጭራሮ ይለቅማሉ፤ ከብት ጠባቂው ኩበት ይሰበስባል። ማገዶው በገንዘብ ስለማይገዛ ወጪው አይታይም። በዚህ ምክንያት ምድጃው በብዛት ሊጠቅመው የሚችለው ቤት ለመግዛት የማይቸኩል ቤት ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ላለው ቤተሰብ ስለ ገንዘብ ቁጠባ መናገር ብዙም አያሳምንም፤ ልጆቹ ጭራሮ ፍለጋ የሚያጠፉትን ጊዜ አብሮ መቁጠር ግን ያሳስበዋል። ማገዶውን በገበያ ለሚገዛ የከተማ ቤተሰብ ደግሞ የተቆጠበው ብር በየሳምንቱ ከመቀነት ሲተርፍ ይታያል።

ትንሹ ቤተሰብ ሌላ ችግር አለበት። በሳምንት አንድ ጊዜ ለሚጋግር ቤት የምድጃው ዋጋ ቶሎ አይመለስም። በዚህ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤታሞች በአንድ ምድጃ በተራ፣ ወይም በአንድ ቀን ተከታትለው ቢጋግሩ ምጣዱን ለማጋል የሚጠፋው እንጨት ይድናል። ተራ መጠባበቅና አብሮ መሥራት ለእናቶቻችን አዲስ ትምህርት አይሆንም፤ ቡናውም ዕድሩም በዚሁ ይኖራል።

ከብዛቱ ጋር የሚታይ ሌላም ነገር አለ። የማኅበርና የዝክር ቀን፣ ሠርግና ተዝካር በቤቱ ያለውን የሰው ቁጥር በአንድ ቀን ከአምስት ወደ ሃምሳ ያሳድጉታል። ትልቁ ድስት በትንሹ ምድጃ ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ ብዙ ቤት ምድጃውን እየተጠቀመም ሦስቱን ጉልቻ አያነሣም። ይህን አይተን «ምድጃውን አልተቀበሉትም» ብለን አንጻፍ፤ ልንጠይቅ የሚገባን የዘወትሩ እንጀራ በየትኛው ላይ እንደሚጋገር ነው።

ሸክሙ በማን ጀርባ፣ ገንዘቡ በማን እጅ

ሁለተኛው ልዩነት በቤቱ ውስጥ ያለው የሥራና የገንዘብ ክፍፍል ነው። እንጨቱን በአብዛኛው የሚሸከሙት እናትና ሴት ልጆች ናቸው። የሚጋግሩትም እነርሱ ናቸው። በሬ ወይም እህል ሲሸጥ ገንዘቡን የሚይዘው ግን ብዙ ጊዜ አባት ነው። ሸክሙን የማያውቅ ሰው ሸክሙን ለማቅለል ገንዘብ ማውጣት ይከብደዋል፤ ይህ ከክፋት ሳይሆን ካለማየት የሚመጣ ነው። ስለ ምድጃ ስብሰባ ሲጠራ ከፊት የሚቀመጡት አባወራዎች ናቸው፤ እናቶች ከኋላ ቆመው ይሰማሉ፤ ወይም ለተሰብሳቢው ምሳ ያዘጋጃሉ። በከተማም ቢሆን ምድጃውን የምትገዛው የቤቱ እመቤት፣ የምትጋግረው ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ልትሆን ትችላለች፤ አጠቃቀሙን የተማረችው እመቤቷ ከሆነች ግን ትምህርቱ ከምድጃው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል።

በ2008 ዓ.ም. ጥናት መሠረት ከአራት ቤተሰቦች አንዱ በሴት የሚመራ ነው። በእንዲህ ያለው ቤት የምትሸከመውም፣ የምትጋግረውም፣ የምትወስነውም አንዲት ሴት ስለሆነች ምድጃውን ለመቀበል ብዙ ማሳመን አያስፈልግም። የሚያስፈልጋት ገንዘብና የሰው እጅ ነው። ምድጃውን ከማምረቻው እስከ ቤቷ የሚያጓጉዝላት አህያ የላትም፤ ከቦታው አድርጎ የሚገጥምላት ጎልማሳ በቤቷ የለም፤ ዋጋውንም በአንድ ጊዜ መክፈል አትችልም። ለእርሷ በእቁብ መልክ በየወሩ የሚከፈል አነስተኛ ክፍያና አንድ ወጣት የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ለግማሽ ቀን መላክ ከረጅም ትምህርት ይበልጥ ይጠቅማታል።

ጊዜውም ይታሰብበት። በገጠር ገንዘብ በቤት የሚገኘው ከአውድማ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ነው። በክረምት እንጨቱ እርጥብ፣ ጭሱ ብዙ፣ ምድጃው ይበልጥ የሚፈለግበት ወቅት ቢሆንም ኪሱ ባዶ ነው። ምድጃ በሰኔ አቅርቦ ክፍያ መጠየቅ ድሀውን «አልፈልግም» እንዲል ማስገደድ ነው። ክፍያው ለአውድማ ወቅት ተቀጥሮ ምድጃው ከክረምት በፊት ቢገባ ግን ሁለቱ ይታረቃሉ።

ሽማግሌው፣ ሙሽራዋና ተማሪዋ ልጅ

ሦስተኛው ልዩነት ዕድሜና ትምህርት ነው። በደጋው አገር እሳት ለማብሰያ ብቻ አይነድም። ሽማግሌው አመሻሽ ላይ የሚሞቁት፣ ልጆች ተረት የሚሰሙበት፣ ኩራዝ ሲጠፋም ብርሃን የሚሆነው ያው የጉልቻው እሳት ነው። ቆጣቢው ምድጃ እሳቱን ስለሚሸፍን ሙቀቱንም ብርሃኑንም አብሮ ይሸፍነዋል። አረጋውያን ምድጃውን ሲነቅፉ ብዙ ጊዜ የሚነግሩን ይህንኑ ነው። ስለዚህ አረጋውያን ባሉበት የደጋ ቤት ምድጃውን ስናስገባ የሚሞቁበትን ነገር አብረን ማሰብ አለብን። ካልሆነ አንዱ እሳት ሁለት ይሆናል፤ እንጨቱም በመቆጠብ ፈንታ ይጨምራል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ብሂልም በአረጋውያን ዘንድ ብዙ ጊዜ ይነሣል። በእርግጥም ምድጃ ወጥ አያጣፍጥም፤ የሚያቀለው የጀርባን ሸክም ነው። ይህን ለአረጋዊት እናት የሚያስረዳቸው ከእኛ ንግግር ይልቅ በምድጃው የተጋገረ፣ ዓይኑ ያማረ፣ ከምጣዱ በቀላሉ የወጣ እንጀራ ነው። እንጀራው ካላማረ ሌላው ቁጠባ ሁሉ አይቆጠርም። በዚህም ምክንያት የምጣዱ ስፋት ከምድጃው ልክ ጋር መግጠሙ አስቀድሞ መለካት ይኖርበታል፤ የለመዱትንና ያሟሹትን ምጣድ ትተው አዲስ ለመግዛት የሚፈቅዱ እናቶች ጥቂቶች ናቸው።

አዲስ ጎጆ የሚወጡ ወጣቶች በአንጻሩ የሚተዉት ልማድ የላቸውም። ትዳር በሦስት ጉልቻ ይመሰላል፤ ወጥ ቤታቸው ገና ሲሠራ ምድጃው አብሮ ከተሠራ የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ይሆናል። በሠርግ ወቅት ለሙሽሮች ከሚበረከቱት ስጦታዎች መካከል ምድጃ እንዲገባ ብትመክሩ፣ በአጥቢያችሁ በየዓመቱ የሚመሠረተው አዲስ ቤት ያለ ብዙ ወጪ ይደረሳል።

ትምህርት ደግሞ በአባወራው የክፍል ደረጃ ብቻ አይለካም። አባትና እናት ባይማሩም ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ በቤት ካለች፣ ስለ ጭስና ስለ ሳንባ በትምህርት ቤት የሰማችውን ይዛ ትገባለች። እንጨት የምትለቅመውም እርሷ ስለሆነች ጉዳዩ የራሷ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ትምህርት ቢሰጡ ከወረቀት ማስታወቂያ ይልቅ ወደ ብዙ ቤት ይገባል።

የከተማው ልማድ ትንሽ ይለያል። በትግራይ ከተሞች የተካሄደና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የታተመ ጥናት፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ የመያዝ ዕድል ከቤተሰቡ የወጪ አቅም፣ ከቤቱ ኃላፊ ዕድሜና ከቤተሰቡ ብዛት ጋር አብሮ እንደሚያድግ አሳይቷል። በገጠር ዕድሜ የልማድ ጠባቂ ሆኖ ሲታይ በከተማ የጥሪት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜው የገፋ የቤት ኃላፊ ምጣድ የሚገዛበትን ገንዘብ ያጠራቀመ፣ የራሱንም ቆጣሪ ያስገባ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ «ሽማግሌ አዲስ ነገር አይቀበልም» የሚል አንድ ሕግ ለሁሉም አጥቢያ አይሠራም። ሰውየው የሚኖርበትን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል።

በተከራየ ቤት ውስጥ

በከተማ ላላችሁ አጥቢያዎች ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የቤት ባለቤትነት ጉዳይ ነው። «ምርጥ» ምድጃ ከባድ ነው፤ አንድ ቦታ ተገጥሞ ይኖራል። በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ተከራይ ይዞት አይሄድም፤ ለባለቤቱ ወጥ ቤትም ገንዘቡን አያወጣም። ባለቤቱ ደግሞ ጭሱን የሚተነፍሰው እርሱ ስላልሆነ አይገዛም። በሁለቱ መካከል ምድጃው ሳይገባ ይቀራል። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ የሚስማማው አንሥቶ ሊሄድ የሚችለው እንደ «ላቀች» ያለ የከሰል ምድጃ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድም በኪራይ ቤት የራሱ ፈተና አለበት። አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል ይስባል። በአሮጌ ሽቦ በተዘረጋ ቤት ውስጥ ብዙ ተከራይ በአንድ ጊዜ ቢሰካ መስመሩ ስለማይችል፣ ብዙ አከራዮች ምጣድ መሰካትን ይከለክላሉ። ክፍያውም ሌላ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ሲሆን በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ፍጆታው ከዚያ ሲያልፍ የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ለምሳሌ ያህል 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ በወር ስምንት ጊዜ ቢጋገርበት 42 ይደርሳል። በአንድ ቆጣሪ ሦስት ተከራይ ቤተሰቦች እንዲሁ ቢጋግሩ 126 ይሆናል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው ቢሆን ለምጣዱ በዝቅተኛው እርከን ይከፍል ነበር፤ በአንድ ቆጣሪ ስለተጣመሩ ግን እንደ አንድ ባለጸጋ ቤት ይቆጠራሉ። ይህን ሂሳብ የማያውቅ ሰው ተከራይዋ ለምን ወደ ከሰል እንደተመለሰች አይገባውም። ቆጣሪ እንዲለይላቸው ከባለቤቱና ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የሚነጋገርላቸው ሰው ቢያገኙ፣ ያ ሽምግልና ራሱ የኃይል ቁጠባ ሥራ ነው።

ማን ይቅደም?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመጣለን። በእጃችሁ አንድ ምድጃ ብቻ ቢኖርና ሁለት ቤት ቢጠይቃችሁ ለማን ትሰጣላችሁ? ለመመዘን እንዲረዳን ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። ለአንድ ጊዜ ጋገራ በጉልቻ 6 ኪሎ እንጨት ይነዳል እንበል። በገጠር ወጥ ቤቶች በተካሄዱ ሙከራዎች «ምርጥ» ከ20 እስከ 30 በመቶ አካባቢ እንጨት ሲቆጥብ ታይቷል፤ በቤተ ሙከራ የሚገኘው ውጤት ከዚህ ከፍ ቢልም እኛ በገጠሩ እንመራ። ሩብ ያህል ይቆጥባል ብንል በአንድ ጋገራ አንድ ኪሎ ተኩል ይተርፋል።

የመጀመሪያው ቤት ስምንት ሰው ይኖርበታል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይጋግራል። በዓመት 234 ኪሎ እንጨት ይቆጥባል። ሁለተኛው ቤት የአንዲት መበለትና የልጅ ልጃቸው ቤት ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይጋግራሉ። በዓመት 78 ኪሎ ይቆጥባሉ። ዓላማችን ደን ማዳን ብቻ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ቤት ሦስት እጥፍ ይቆጥባል።

ሆኖም በቤቱ ያለውን ሰው እንቁጠር። በመጀመሪያው ቤት እንጨት የሚሸከሙት እናትና ሁለት ሴት ልጆች ናቸው እንበል። 234 ኪሎ ለሦስት ሲካፈል ከእያንዳንዷ ጀርባ 78 ኪሎ ይወርዳል። በሁለተኛው ቤት የሚሸከሙት መበለቲቱ ብቻ ናቸው፤ ከእርሳቸው ጀርባም 78 ኪሎ ይወርዳል። በቤት ሲመዘን ሦስት እጥፍ የነበረው ልዩነት በጀርባ ሲመዘን እኩል ሆነ። የመበለቲቱ ጀርባ ደግሞ ያረጀ ነው፤ የሚተካቸውም የለም።

ነቢዩ ኤልያስ የሰራፕታዋን መበለት ያገኛት በከተማው በር እንጨት ስትለቅም እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ዱቄቷና ስለ ዘይቷ ብዙ ይሰበካል፤ እንጨት መልቀሟ ግን አልፎ አልፎ እንኳ አይወሳም። ያቺ ሴት በእኛ መዝገብ ብትመዘገብ ሁለት ሰው ያለበት ትንሽ ቤት ትባል ነበር፤ በቁጠባ ሰንጠረዥም ከመጨረሻው ተራ ትቀመጥ ነበር።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየአጥቢያችሁ የምታዘጋጁት ዝርዝር አንድ ሳይሆን ሁለት ይሁን። በአንደኛው ዝርዝር ብዙ የሚጋግሩና ብዙ ማገዶ የሚያነዱ ቤቶች ይግቡ፤ በዚህም ደኑና እርሻው ይጠበቃል። በሁለተኛው ረዳት የሌላቸው አረጋውያን፣ መበለቶች፣ አካል ጉዳተኞችና ጨቅላ ሕፃን ያላቸው እናቶች ይግቡ፤ በዚህም ሰው ይጠበቃል። የሚመጣው ምድጃ ለሁለቱም ዝርዝር ተለይቶ ይመደብ፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይወዳደር። ድርሻው ምን ያህል ይሁን የሚለውን እናንተ ከአጥቢያችሁ ሁኔታ ተነሥታችሁ ወስኑ። ሁለተኛውን ዝርዝር ባዶ የሚያደርግ ውሳኔ ግን ከዚህ ጉባኤ መንፈስ ጋር አይስማማም።

በምዝገባ ጊዜ የሚጠየቁ አምስት ጥያቄዎች

ለዚህ ሥራ ረጅም ቅጽ አያስፈልግም። የአባወራው ስምና የቤት ቁጥር ከተጻፈ በኋላ አምስት ጥያቄ ቢጨመር በቂ ነው።

አንደኛ፤ በዚህ ቤት ዘወትር የሚበላው ስንት ሰው ነው? በሳምንትስ ስንት ጊዜ ይጋገራል? በቤቱ ተጠግተው የሚኖሩ የአብነት ተማሪዎች፣ ዘመዶችና ሠራተኞች አብረው ይቆጠሩ።

ሁለተኛ፤ ማገዶውን የሚያመጣው ማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው? ይለቀማል ወይስ ይገዛል?

ሦስተኛ፤ የሚጋግረው ማን ነው? ትምህርቱ ለዚያ ሰው ይሰጥ፤ የምጣዱም ስፋት በዚያው ጊዜ ይለካ።

አራተኛ፤ ለቤት ዕቃ ገንዘብ የሚያወጣው ማን ነው? ገንዘቡ የሚገኘውስ በየትኛው ወር ነው?

አምስተኛ፤ ቤቱና ቆጣሪው የማን ነው? ሽማግሌ ወይም ሕፃን እሳት የሚሞቅበት ቤት ነው?

መልሱን የሚሰበስቡት ሁለት ሰዎች ቢሆኑ፣ ከሁለቱም አንዷ ሴት ብትሆን መልካም ነው። በወጥ ቤት ውስጥ ያለውን ነገር እናቶች ለእናቶች ይበልጥ ይነግራሉና። ምድጃው ከገባ በኋላም ሁለት ጊዜ ይጎብኝ፤ አንደኛው በሦስተኛው ወር፣ ሁለተኛው በክረምት። በጉብኝቱ ጊዜ «ምድጃው አለ ወይ?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። አመዱን ማየት ያስፈልጋል፤ ትኩስ አመድ ያለበት ምድጃ ይጋገርበታል።

በመጨረሻም አንድ ነገር አደራ እንላለን። የንስሐ አባቶች በየቤቱ ትገባላችሁ። በቤቱ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን ብቻዋን እንደቀረች ከማንም አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። በምስጢር የተነገራችሁን አንጠይቃችሁም፤ በዓይን የሚታየውን ብቻ ለመዝጋቢዎቹ ጠቁሙ። ቤቷ ከመንገድ የራቀ፣ ስብሰባ የማትመጣ፣ ስሟም በማንም ዝርዝር የሌለ እናት በእያንዳንዱ አጥቢያ አለች። ዝርዝሩ በሰበካ ጉባኤው ከመጽደቁ በፊት «ያልተጻፈ ማን አለ?» ብላችሁ አንድ ጊዜ ብትጠይቁ የእርሷ ስም ይገኛል። ዝርዝሩን ከመላካችሁ በፊት ይህን ጥያቄ በጉባኤያችሁ ፊት እንድታነሡ፣ መልሱንም በቃለ ጉባኤ እንድታሰፍሩ በትሕትና እንጠይቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።